የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ

የሚጥል በሽታ ያለባት ልጁ አንጎሏ እስኪመረመር እንዳትንቀሳቀስ በማደንዘዣ ልትተኛ ነው። አባትየው ማስክ ያጠለቀውን ሰመመን ሰጪ በዓይኑ ለየው። አሰግድ! የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ሒሳቡን ከእሱ የገለበጠው አሰግድ። ሲያዙ አሰግድ የባለሥልጣን ልጅ ስለሆነ ታለፈ፤ እሱ ግን ተባርሮ ይኸው ዘበኛ ሆኖ ቀረ።

አሰግድ የመድኃኒቱን መጠን ወረቀት ላይ ያሰላል።

«ዛሬስ ከማን ልትገለብጥ ነው?» ጮኸ አባት። «ብትሳሳት እኮ ልጄ አትነቃም!»

«ጋሼ፣ ይውጡልን!» ነርሷ ክንዱን ያዘችው።

«ተይው» አለ አሰግድ። ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለው። «ክብደቷ አሥራ ስምንት ኪሎ ነው፤ ለአንዱ ኪሎ ሁለት ሚሊግራም። እስቲ አንተም ሥራው።»

ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶት ቆመ።

«ሠላሳ ስድስት» ሲለው ነው ዞሮ፣ እሱም ሠላሳ ስድስት የጻፈበትን ወረቀት አሳይቶት መርፌውን ያነሳው።