የናሆም ለቅሶ

ሟቾች በድምፅ እቤታቸው መኖር ከጀመሩ ወዲህ በሰፈራችን ለቅሶ የሚባል ነገር ቀርቷል። ባሌ ጋሻነው ሲሞትም ድንኳን አልተተከለም። በማግስቱ ከኩሽናው ግድግዳ «የሺ፣ ወጡ እንዳያርርብሽ» እያለኝ ምን ብዬ ላልቅስ?

አሁን ግን ድምፁን የሚያስቀምጠው ድርጅት «ሰርቨሮቼን ወደ አዲስ ሕንፃ ላዛውር ነው» ብሎ ዝም አሰኘው። ስደውል የሚመልስልኝ ማሽን ነው፤ «ውድ ደንበኛችን፣ በዝውውር ላይ ነን። በትዕግሥት ይጠብቁን።» ወጥ ሳላሳርር የዋልኩበት ቀን የለም። ትናንት ጭራሽ «የሺ» ሲለኝ ድምፁ እንዴት እንደነበር ጠፋብኝ።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ናሆም ጎረቤታችን ነው፤ የእድራችንም አባል ነው። ዛሬ ጠዋት ለእድሩ ሊቀመንበር ለአቶ ውብሸት «ናሆም ዐረፈ» አልኳቸው። የእሳቸውም ሟች ባለቤት ዝም ካሉባቸው ሰንብተዋል። ትክ ብለው አዩኝና ምንም ሳይጠይቁ ጡሩምባ አስነፉ።

አቧራ የጠጣው ድንኳን ናሆም በር ላይ ተተከለ። ሰፈርተኛው ግልብጥ ብሎ መጣ። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

ናሆም በቢጃማው ወጣ።

«እትዬ የሺ፣ ምን ጉድ ነው? እኔ እኮ አልሞትኩም!»

«ውድ ደንበኛችን» አልኩት፣ «በዝውውር ላይ ነዎት። በትዕግሥት ይጠብቁን።»

ከዚያ ደረቴን መትቼ «ጋሻዬን!» ብዬ ጮኽኩ። ድንኳን ሙሉ ሰው ተከተለኝ፤ ሁሉም የየራሱን ሟች ስም እየጠራ።