ሰማያዊው ጨው

በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሳህኗን ከተማሪዋ ከላሚሲ እጅ ነጥቆ ለክፍሉ ሁሉ አሳየ። በውስጧ ያለው ዱቄት እንደ ወጥ ጨው ነጭ ነበር። «ጠዋት ከመጋዘን ያወጣሁት ጨው ሰማያዊ ነው። የት ገባ?»

«መምህር፣ ሳሞቀው ውሃው ወጥቶ ነው የነጣው። ውሃ ሲያገኝ ይመለሳል፤ ቧንቧው ደርቆብን ጓደኛዬ ልታመጣ ሄዳለች።»

«ይመለሳል አለች! የገባበትን እኔ ልንገርሽ? እናትሽ የቅርጫት ሣር ቀለም የምትነክርበት ድስት ውስጥ ነው። በገበያ ቀን ቦልጋታንጋ ከተማ ላይ ሰማያዊ ቅርጫት ሆኖ እናየዋለን። የሌባ ልጅ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ላሚሲ የእናቷ እጆች ታዩዋት፤ ቀለሙ እስከ ክርናቸው ዘልቆ በሳሙና እንኳ የማይለቅ። ምራቋን አጠራቀመችና እሱ የያዘው ሳህን ላይ እንትፍ አለች።

«አንቺ ባለጌ!» እጁን ለጥፊ አነሳ፤ ግን አልሰነዘረውም። ምራቁ ያረፈበት ዱቄት ሰማያዊ ሆነ፤ ሰማያዊውም ቀስ እያለ ወደ ዳር ተስፋፋ። ሳቁ ጸጥ አለ። ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደህና፤ ሂጂ ተቀመጪ።»

ላሚሲ አልተቀመጠችም። ሳህኗን አንስታ መልሳ አስያዘችው። «ጨውዎን ይኸው ይረከቡ» አለች። «እናቴን ያሉበትን ቃል ደግሞ እዚሁ፣ እነሱ ፊት፣ መልሰው ይዋጡት።»