ወፍራሙ ላሜራ

ክንፈ ወፍራሙን ላሜራ በመፍቻ መታ መታ አደረገና "ይኸኛው ነው" አለ። ድምፁ ደፈን ያለ ነበር፤ ድንጋይ የሚችል ብረት እንደዚህ ነው የሚጮኸው። አጠገቡ የተደገፈው ሌላው ከበርሜል የተዘረጋ ስስ ቆርቆሮ ነው። በመዳፉ ጫን ሲያደርገው ይጎብጣል።

ብረት ሠሪው ጀላል ወናፉን ትቶ ተነሳና እጁን በሽርጡ ጠረገ።

"እሱስ አይሆንም፣ ወንድሜ። ጀናዛ የሚታጠብበት ነው። በረሃቡ ሞቱ ሲበዛ ሳንቃው ተሰበረና ከተገለበጠ የጭነት መኪና ጎን ቆርጬ እኔው ነኝ የሠራሁት። እግሩ ወልቆ እንድጠግነው ነው ያመጡት።"

ክንፈ መፍቻውን ዝቅ አደረገ። ዓይኑን ግን ከላሜራው ላይ አላነሳም።

የመንግሥት ላንድሮቨር ሾፌር ነው። ጠዋት ከአቀስታ ሲመጣ አንድ ድንጋይ ከስር የሞተሩን የዘይት መያዣ፣ ኮፓውን፣ በሳውና ዘይቱ መንገድ ላይ ፈሰሰ። በሳሙና ደፍኖ፣ የያዘውን ዘይት ጨምሮ፣ እንደምንም መካነ ሰላም ደረሰ። አብረውት ያሉት ሹም አቶ ገበየሁ በመንገደኛው ሁሉ ፊት "አንተን ሾፌር ያለህ ማን ነው?" እያሉ አዋርደውታል። ቀዳዳውን ጀላል ደፍኖለታል፤ የቀረው ከስር የሚከላከል ብረት ማሰር ነው። ነገ የሚወጡት ወደ ሳይንት ነው፣ የሳይንት መንገድ ደግሞ ከዛሬውም ይብሳል።

"በርሜሉ ይበቃሃል" አለ ጀላል። "ቀስ ብለህ ንዳ። ትልልቁን ድንጋይ እየወረድክ አንሳ።"

ክንፈም እንደሚበቃው ያውቃል። ግን ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ሲያነሳ አቶ ገበየሁ በመስኮት ሲያዩት ታየው።

"የማን ነው? እኔ ራሴ ልለምናቸው" አለ።

ጀላል ቅር እያለው ሄዶ ኑርጃንን ጠርቷት መጣ። የሴቶቹን ጀናዛ የምታጥበው እሷ ናት። ከሲታ፣ ረዥም ሴት ናት፤ ጉንጯ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሰላምታ ተለዋውጠው የመጣበትን ሲነግራት ላሜራውን አላየችም። የምታየው መኪናው ላይ በሸራ የተሸፈነውን ጭነት ነበር።

"እህል ነው እንዴ፣ ልጄ?"

ክንፈ መፍቻውን በጨርቅ ጠራረገ።

"ይህን ብንሰጥህ እህሉ ሳይንት ይደርሳል?" አለች ደግማ። "እህቴ እዚያ ናት፣ ከነልጆቿ።"

"ኢንሻአላህ፣ እናቴ።"

የቄስ ልጅ ነው፤ ግን ወሎ ያደገ ሰው ይህ ቃል ከአፉ አይጠፋም። ከልቡ ብዙ ጊዜ ብሎታል። ዛሬ ሊደበቅበት እንዳለው ገና ከአፉ ሳይወጣ አወቀው።

"እንግዲያ ውሰደው" አለች። "እኛ ሰሌን እናነጥፋለን። በሕይወት ያሉት ይትረፉ።"

ጀላል በእጅ የሚዞረውን መሰርሰሪያ አንስቶ የላሜራውን ማዕዘኖች በሳ። ብረቱ ጠንካራ ነበር፤ ክንፈም እያገዘው ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ ክሪኩን ከመኪናው ስር አስገቡ። ጭነቱ ስለከበደ ክሪኩ አላነሳ አለ።

"እናውርደው" አለ ጀላል። ክንፈ "ቆይ" ከማለቱ በፊት ኑርጃን ልታግዝ ሸራውን በአንድ በኩል ያዘችና ሳበችው።

ጆንያ አልነበረም። ትንሽ ጄኔሬተር፣ በገመድ የታሰረ የወረቀት ክምር፣ አፉ እንደ ትልቅ አበባ የተከፈተ ብረት ነበር።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ድምፅ ማጉያ ነው።"

"ምን ይናገራል?"

"አዋጁን። መሬት ለአራሹ ሆነ ብሎ ይናገራል።"

ጀላል ወደ ክንፈ ዞረ፤ መልሶ ወደ መሬት አቀረቀረ። ኑርጃን የያዘችውን የሸራ ጫፍ በቀስታ አጠፈችው።

"ደግ ነገር ነው" አለች። "ባለቤቴ ኖሮ ይህን ቢሰማ እንዴት ደስ ይለው ነበር።"

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። የጠዋቱ የአቶ ገበየሁ ስድብ እንኳ እንደዚህ ፊቱን አላቃጠለውም።

"ጀላል፣ በርሜሉን እሰርልኝ" አለ። "ያንን መልስላቸው። ቀዳዳዎቹንም ድፈናቸው።"

"በምን ልድፈን? የነበረችኝን የመበየጃ እርሳስ ለኮፓህ ጨረስኳት።"

ጭነቱን አውርደው መኪናውን በክሪክ አነሱት። በርሜሉን ቆርጠው ከመኪናው ስር በቡሎን አሰሩት፤ ክንፈም ማጥበቂያውን እጁ እስኪያመው አዞረ። እስኪጨርሱ ድረስ ኑርጃን አልሄደችም። ከጀላል ገንዳ ውሃ ቀዳችና በላሜራው ላይ የቀረውን የብረት ብናኝ ልታጥበው አፈሰሰችበት። ውሃው በማዕዘኖቹ ቀዳዳዎች እየወረደ እግሯን አራሰው።

ክንፈ ቆሞ ሲያይ አየችው።

"ግድ የለም፣ ልጄ" አለችው። "እንዲያውም ውሃ አይቋጥርም።"

ክንፈ ሥራ የቀረው ሰው መስሎ መፍቻውን አነሳና ተመልሶ መኪናው ስር ገባ። የሚጠብቅ ቡሎን አልነበረም። በጀርባው እንደተኛ አንገቱን ዘወር ሲያደርግ፣ ጀላልና ኑርጃን ላሜራውን ከወዲያና ከወዲህ ይዘው ሲሄዱ እግራቸው ብቻ ታየው። በሁለቱ መካከል፣ አቧራው ላይ፣ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ይከተላቸው ነበር።