በላስቲክ የተጠቀለለው ሳሙና

የተባይ መድኃኒት መርጫውን ከጀርባዋ ሳታወርድ፣ ረጭታ ከጨረሰችው መስመር አንዲት ቀይ ቲማቲም ቀጥፋ ለወንድሟ ልጅ ሰጠቻት። ልጅቷ ወደ አፏ ልታስጠጋት ስትል አባቷ፣ የእርሻው አለቃ፣ እሳት እንደነካው ሰው ዘሎ ቲማቲሟን ከእጇ መትቶ ጣላት።

«አብደሻል እንዴ? አሁን የተረጨ ነገር ለሕፃን!» ብሎ እህቱ ላይ ጮኸባት።

ከዚያ ልጅቷን እየጎተተ ቧንቧው ስር ወስዶ፣ ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ሳሙና አወጣና ጣቶቿን አንድ በአንድ እያሸ አጠባት። እህቱ ቆማ ታየው ነበር። ጓንት በለመነችው ቁጥር፣ «ሽታው ነው እንጂ ምን ያደርግሻል፣ የእናቴ ልጅ? እኔ እያለሁልሽ!» እያለ ሲስቅባት ነው የከረመው። ቀስ ብላ በመድኃኒቱ እስከ ክርኗ የራሰውን ባዶ እጇን ዘረጋችለት።

«ለእኔስ፣ ጋሼ?»

«አንቺማ ለምደሽዋል» አለና ሳሙናውን መልሶ ጠቀለለው።