የጠቆመበትን ሰው ሊፋለም ጫማውን ያጠለቀው ባል

«ዛሬ ዓይኑን ሳላየው አልመለስም...»

ሰውየው ይህን እያለ ጫማውን ያጠልቃል።

ከእስር ቤት የወጣው ገና ትናንት ነው።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች... የቀዳችለት ሻይ ቀዝቅዟል።

ወገኖቼ እንዳትቸኩሉ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ይህ ሰው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበር። ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ሰው የሚወደው።

ታዲያ ለአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ መቀየሪያ የተመደበ በጀት እጁ ገባ... እሱ ደግሞ የራሱን ቤት ፎቅ ጨረሰበት።

ሰይጣን አሳሳተኝ ይላል። እኔ ግን ሰይጣን ሲሚንቶ ሲገዛ አላየሁም።

«ለጊዜው ነው፣ እመልሰዋለሁ» አለ። ሁሉም የሚለው እንደዚያው ነው።

ዝናብ በመጣ ቁጥር ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ጉያቸው ከትተው ጥግ ጥጉን ይቆማሉ... እሱ ፎቁን ቀለም ያስቀባል።

አንድ ቀን ግን ጥቆማ ደረሰና መርማሪዎች መጡ። ተከሰሰ፣ አመነ። ቤቱ ተሸጦ ገንዘቡ ለጣሪያው ተመለሰ፣ በዚያ ላይ እስራት ተፈረደበት።

እስር ቤት ሆኖ ቂም የቋጠረው በቢሮው ሒሳብ ሹም ላይ ነው። ከሱ ሌላ የሚያውቅ የለም፣ ጉድ የሠራኝ እሱ ነው ይላል።

አጠገቡ የሚተኛ አንድ የቀድሞ ዳይሬክተር ነበር። ለዓመታት ሲበላ ማንም ትንፍሽ ያላለበት... ሲያዝ ግን የበላው ብዙ ስለነበር ቅጣቱም የዚያኑ ያህል ከበደ። የልጁን ሠርግ እንኳ ያየው በፎቶ ነው።

ሲሰነባበቱ ዳይሬክተሩ ያለውን ስሙልኝማ...

«አንተ ዕድለኛ ነህ። እኔን ገና በጠዋቱ የጠቆመብኝ ሰው ቢኖር እግሩን እስም ነበር።»

ሰውየው ግን በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አፈሰሰው።

እሺ... ወደ በሩ እንመለስ።

«የትም አትሄድም» አለች ሚስቱ። «ያ ምስኪን ምንም አላደረገህም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ቀና ብላ አየችው።

«የጠቆምኩብህ እኔ ነኝ።»



ያኔ በስልክ ሲያወራ ትሰማው ነበር። ከጣሪያው ቀጥሎ ለአዲስ ትምህርት ቤት ግንባታ ትልቅ ገንዘብ ሊመጣ ነው፣ እሱም ከወዲሁ መኪና መምረጥ ጀምሯል። ተው ብላ ለምናው ነበር። አልሰማትም።

«ያኛውን ብትነካ ሸብተህ ነበር የምትወጣው» አለችው። «ልጆቼ አባት ያስፈልጋቸዋል፣ ፎቁ ይቅርብኝ አልኩ። አሁን ልፍታሽ ካልክም... ፍታኝ።»

እንባዋ ወረደ።

ሰውየው ጎንበስ አለ...

የጫማውን ክር ሊያስር መስሏት መንገድ ለቀቀችለት።

እሱ ግን እግሯን ሳመ።

ዛሬ የሚኖሩት በኪራይ ቤት ነው፣ እዚያው ትምህርት ቤቱ አጠገብ። እስር ቤት በተማረው የእንጨት ሥራ ወንበር እየሠራ ይሸጣል። ዝናብ ሲመጣ አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማሉ... ከክፍሎቹ ውስጥ ደግሞ የተማሪዎቹ ንባብ ይሰማል። ሻዩን ይዞ ፈገግ ይላል። እንቅልፉም ሰላም ነው።

ትምህርቱ ግልጽ ነው... የሕዝብ ገንዘብ የነካ ሰው ሕግ ይጠይቀዋል፣ ሊጠይቀውም ይገባል። ከልቡ የሚወደን ሰው ደግሞ ሳይብስብን ያስቆመናል።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ... የትዳር ጓደኛችሁን ትጠቁሙ ነበር ወይስ ዝም ትሉ ነበር?

እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ባለቤታችሁ አጠገባችሁ ካለ ግን ትንሽ ቆየት ብላችሁ ጻፉ 😄