ሞላልኝ ያኔ ምን ይሠራ ነበር?

ሳፊያ ከሐርቡ ወደ ኮምቦልቻ የሄደችው ደሟ ፈልቶ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ጎረቤቶቿ ሲያናግሯት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በከተማው ሥጋ ፋብሪካ አዳራሽ ስብሰባ ተጠርቷል። የሚገመገመው ዶክተር ሞላልኝ ነው። ደሴ የንግድ ትምህርት አስተምሯል፤ በኋላ እዚሁ ፋብሪካ የሽያጭ ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል፤ አምና ደግሞ አዲስ አበባ ወስደው የዩኒቨርሲቲ የንግድ ፋኩልቲ ዲን አደረጉት። ሹመቱ ሳይቀዘቅዝ ክስ መጣበት። በቀይ ሽብሩ ጊዜ እዚህ ሲሠራ አናርኪስት ይደብቅ ነበር የሚል።

ካድሬው ደምመላሽ ጠረጴዛውን መታ። «ያኔ ምን ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ ይናገር!»

በሩ ላይ ወታደሮች ቆመዋል። ሞላልኝ ጥፋተኛ ከተባለ ከዚያ በር ወዴት እንደሚወሰድ ሁሉም ያውቃል።

ሳፊያ ተነሳች። ሞላልኝ ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ አውቃለሁ! ባሌ በሺር እዚህ መካኒክ ነበር። ይሄ ሰውዬ ጣቱን ቀስሮ ለአብዮት ጥበቃ አሳየው። ይዘውት ሄዱ። ሬሳ እንኳ ሳላይ መላው ሐርቡ ለቅሶ ደረሰኝ!»

«ሳፊያ፣ ተይ እባክሽ» አለ ሞላልኝ።

«አልተውም! ዛሬ ዶክተር ተብለህ የሰው ልጅ ታስተምራለህ። የሥራ ታሪክህ ሲነበብ ይሄን ለምን ዘለልከው? አታፍርም?»

አጠገቧ የተቀመጡት ሼህ ሰይድ ቀሚሷን ሳብ አደረጉ። «ወላሂ በይ ልጄ፣ ይመኑሽ» አሏት ቀስ ብለው። ያልሰማች መሰለች።

ደምመላሽ ግንባሩን ቋጠረ። በሺር የሚባል ሰው ትዝ አላለውም። «ይሆናል» አለ ትከሻውን ሰብቆ። «ያኔ ስንቱን ወስደናል፤ ማንን እናስታውስ?»

«ማንን?» ብላ ጮኸች ሳፊያ። «ሰዎች ነበሩ እኮ! እናት የወለደቻቸው!»

አንዱ ወታደር ወደ እሷ ራመድ ሲል ደምመላሽ በእጁ አስቆመው። ፈገግ ብሏል።

«ተዋት። ቁጣዋ እውነቱን አወጣልን። ጓድ ሞላልኝ ቆራጥ አብዮተኛ ነው፤ ትሕትና ይዞት ነው ዝም ያለው!»

ብሎ አጨበጨበ። ሌላውም ፈራ ተባ እያለ አጨበጨበ።

ሞላልኝ ሲወጣ የድሮ ሠራተኞቹ እንዳይነካቸው ዞር ዞር አሉ። የማሸጊያ ክፍል የነበረች አንዲት ሴት እግሩ ሥር እንትፍ አለችበት። አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ሳፊያ ምራቁ እሷ ላይ ያረፈ ይመስል ጉንጯን ጠረገች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐርቡ ደረሰች። ቤቷ ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። ከጎተራው ጀርባ የተደረደረውን ጆንያ ገለል አደረገች።

«ሞላልኝን ለቀቁልን?» አለ በሺር።