ያልታጠበው ኩባያ

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ውሃው መንገዱን ይሸፍነዋል፤ በሩንም እቆልፋለሁ» ይለናል የወፎቹ መጠለያ ጥበቃ። «ዛሬ ጨረቃዋ ሙሉ ናት፣ የባሕሩ ሙላት አይቀለድበትም። እማማ፣ እርስዎ ባይገቡ ይሻላል።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ የተወለድኩት ያ ሰሌዳህ የቆመበት ቦታ ላይ ነው» ትለዋለች አክስቴ ኤቨሊና። «ምን ላድርግ፣ ወፍ ሆኜ ብፈጠር ኖሮ ማንም አያባርረኝም ነበር።»

የልጁ ፊት ይቀላል። እሷ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው መንግሥት ወገኖቻችንን አስነስቶ ይህን ረግረግ ለጦር አውሮፕላኖች ማረፊያ የወሰደው። ጦርነቱ ሲያልቅ ለወፎች ሰጠው። ለእኛ የቀረልን መቃብሩ ብቻ ነው፣ እሱንም የምናየው እንደ ጎብኚ በሰዓት ነው።

ሰኞ ልቧን ሊከፍቱላት ቀጠሮ አላት። ቀዶ ሕክምናው ካልተደረገላት ክረምቱን እንደማትዘልቅ ሐኪሙ ነግሮኛል። በስንት ልመና እሺ ያለችኝ፣ ቅዳሜ እናቷ መቃብር ካደረስኳት ብቻ ነው። ይኸው መጣን።

በጣውላው መንገድ ላይ ቀስ እያልን እንሄዳለን። ጭቃው ይሸታል፤ ሸርጣኖቹ ወደየጉድጓዳቸው ይገባሉ። ውሃው ሲመጣ ድምፅ የለውም። ዞር ብዬ ባየሁ ቁጥር ግን ሣሩ አጥሯል።

መቃብሮቹ ከዛፎቹ ሥር ናቸው። በእኛ ዘንድ ሟች በመጨረሻ የተጠቀመበት ዕቃ መቃብሩ ላይ ይቀመጣል፤ አለዚያ ዕቃዬን ብሎ ቤት ድረስ ይመጣል። አንዱ ላይ የቆመ ሰዓት፣ ሌላው ላይ ፋኖስ፣ የእናቷ ላይ የተሰነጠቀ ሳህን አለ።

አክስቴ ከቦርሳዋ ጠርዙ የተላጠ ሰማያዊ ኩባያ ታወጣለች። አውቀዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ሻይዋን ጠጥታበት ላጥበው ስል «ተይው፣ አትንኪው» ያለችኝ ነው። የሻይ ዝቃጩ አሁንም ሥሩ ላይ ደርቋል።

«ለእናትሽ ነው?» እላታለሁ።

«ለእሷማ ሳህኗ አለላት።» ተንበርክካ ኩባያውን ከመቃብሩ አጠገብ፣ ምንም በሌለበት ባዶ መሬት ላይ ታስቀምጠዋለች።

ክንዷን እይዛለሁ። «አክስቴ፣ አንሺው!»

«ውይ አንቺ ደግሞ! ሆስፒታል እንደሆነ ውሃ የሚሰጡት በወረቀት ኩባያ ነው።»

«ቃል ገብተሽልኛል እኮ!»

«እተኛለሁ አልኩሽ። እነሳለሁ የሚል ከአፌ አልወጣም።»

ኩባያውን ላነሳው እጄን እዘረጋለሁ። ግን ለመቃብር የተቀመጠ ዕቃ አይነሳም፤ ይህን ያስተማረችኝ ራሷ ናት። እጄ መንገድ ላይ ይቀራል። ፈሪ ነኝ ማለት ነው፣ ወይም የእሷ ልጅ ነኝ።

ስንመለስ ውሃው ጣውላውን አልፎ ቁርጭምጭሚታችን ደርሷል። በብብቷ ይዤ እየጎተትኩ አወጣታለሁ። እንደ ላባ ቀላለች፤ እንደዚህ መቅለሏን አላስተዋልኩም ነበር።

የመንገዱ አፍ ላይ ስንደርስ ትቆማለች። ከሙታን ቦታ የሚወጣ ሰው በስሙ ይጠራል፣ እሱም «መጣሁ» ይላል፤ መንፈሱ ወደኋላ እንዳይቀር ነው። ወደ ውሃው ዞራ ትጣራለች። «ሎኔት! ነይ፣ እንዳትቀሪ!»

«መጣሁ» እላለሁ። ቀጥሎ ተራው የኔ ነው። በቤት ስሟ እጠራታለሁ። «ቤና! ነይ፣ እንዳትቀሪ!»

«መጣሁ» አትልም። ያልሰማችኝ መስሎኝ ጮክ እላለሁ። «ቤና!» አንድ ሽመላ ደንግጦ ከሣሩ ውስጥ ይነሳል። አክስቴ ጉንጬን በመዳፏ ትነካኝና ወደ መኪናው ትሄዳለች። ገብታ ቀበቶዋን ታስራለች። ባዶውን ቦርሳ አጣጥፋ ጭኗ ላይ ታኖረዋለች።

ጥበቃው ቁልፉን ይዞ ወደ መስኮቴ ጎንበስ ይላል።

«ሁለታችሁም ወጣችሁ አይደል?»

ወደ አክስቴ እዞራለሁ። እሷም እንደ እሱ መልሴን ትጠብቃለች።